ዋልታ በዶሮ መጋዘን

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የማወራችሁ። በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የነካሁት ነው።

ያላመነ መብቱ ነው... እኔም ባላምን ደስ ባለኝ።

ደግሞ "ሌሊት ነበር፣ ነፋስ ያፏጭ ነበር" ብዬ አላስጨንቃችሁም። እሁድ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ አስፋልት የምታቀልጥበት ወር ነው። እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው?

ጎረቤቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። ሰፈሩ ሁሉ "ቲቸር" ነው የሚላት። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ እሷ እዚያ ስታስነጥስ እኔ እዚህ "ይማርሽ" እላለሁ። ከማስተማሩ ሌላ አጫጭር የማብራሪያ ቪዲዮ እየሠራች ኢንተርኔት ላይ ትለቃለች። እሳተ ገሞራ ለምን ይፈነዳል፣ ወንዝ ለምን ይጠማዘዛል... ድምፅ ስትቀዳ በግድግዳው በኩል ስለምሰማ፣ ትምህርቱን ያቋረጥኩት ሴትዮ በእርጅናዬ ተማሪ ሆኛለሁ።

አንድ ወንድም አላት። ከእሱ ሌላ ዘመድ የላትም። እናታቸው ስትሞት እጇን ይዛ "አደራሽን" ያለቻት ስለ እሱ ነው። ቲቸርም ያንን አደራ እንደ እንቁላል ይዛው ትዞራለች።

እንቁላሉ ግን በር ሲገባ ጎንበስ የሚል መለሎ ጎረምሳ ነው! "ማራቶን" እንለዋለን። ስለሚሮጥ እንዳይመስላችሁ፤ ወሬ ከጀመረ ማብቂያ ስለሌለው ነው። በዚያ ላይ ቸር ነው። ዝናብ ላይ ጃንጥላውን ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ፣ እሱ እንደ ድመት በስብሶ ሲገባ ስንቴ አይቼዋለሁ። እህቱም ትቆጣለች፤ እየተቆጣች ፎጣ ታቀብለዋለች።

በዚያ ሰሞን ቲቸር ስለ ዋልታ አሳሾች ልትሠራ ተነሳች።

"እትዬ፣ በረዶ ከየት ላምጣ?" አለችኝ በረንዳ ላይ።

"ከሰማይ ነዋ።"

"ቀልዱን ተዪው። አንድ ሰው በረዶ ውስጥ ሲራመድ ማሳየት አለብኝ። ሌላውን በሥዕልና በካርታ እጨርሰዋለሁ። ይቺን ግን ራሴ ካልቀረጽኩ ነፍስ አይኖራትም።"

እንቅልፍ አጥታ ነበር። ተነስታ ትቀመጣለች፣ ተቀምጣ ትነሳለች። እኔን ደግሞ ምላሴ አያስቀምጠኝም።

"የባሌ የአጎት ልጅ በበረዶ የሚቀመጥ ዶሮ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው" አልኳት። "ቁልፉ እሱ ጋ ነው።"

አፌን በቆረጠው...

እሁድ ሆነና አራታችን መጋዘኑ በር ላይ ተገናኘን። ቲቸር፣ ማራቶን፣ እኔና ባለ ቁልፉ። ሌላ ሠራተኛ የለም፤ እሁድ ማንም አይገባም።

ባለ ቁልፉ ቁልፉን እንደ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ሕግ አነበበልን።

"ሰማያዊዎቹን ጃኬቶች አያችኋቸው? የገባ ይለብሳል። የወጣ ይሰቅላል። ሁሉም ጃኬት ሚስማሩ ላይ ከተመለሰ ውስጥ ሰው የለም ማለት ነው፣ እቆልፋለሁ። እኔ ጃኬት እንጂ ራስ አልቆጥርም።"

"ራስ ለምን አትቆጥርም?" አለው ማራቶን።

"ራስ ይንቀሳቀሳላ።"

ሳቅን።

"ከውስጥ አይከፈትም እንዴ?" አለች ቲቸር።

"ነበረው እጀታ። ተሰብሯል። ሊሠሩት ነው... ሲሉ ከረሙ።"

ሦስታችን ሰማያዊ ጃኬት ለበስን። ማራቶን አልለበሰም። እሱ የአሳሽ ልብሱን ይዞ መጥቷል፤ ከሰልባጅ ተራ የተገዛ፣ ጉልበት የሚያልፍ፣ ኮፍያ ያለው ቡናማ ካፖርት። ፊቱን በሻርፕ ጠቀለለ። ዓይኑ ላይ የሞተረኛ መነጽር አደረገ። እጁ ላይ ጓንት።

"ምን እመስላለሁ፣ እትዬ?"

"የተከራየ ድብ።"

በሩ ሲከፈት ብርዱ በጥፊ መታኝ።

ውስጡ ረጅም ነው። እስከ ጣሪያ የሚደርሱ የብረት መደርደሪያዎች፣ ካርቶን በካርቶን ላይ። ግድግዳው በአመዳይ ነጭቷል። ማሽኑ ያለማቋረጥ ያጓራል። ስንተነፍስ ከሁላችንም አፍ ነጭ እንፋሎት ይወጣል፤ አጫሾች መስለናል።

ያኔ ነው መጀመሪያ ያየሁት።

ከመጨረሻው መደርደሪያ ጀርባ፣ ጥግ ላይ... ቀስ ያለ ነጭ እንፋሎት። ይወጣል። ይጠፋል። ቆይቶ ይወጣል።

አራታችንም በሩ ጋ ነን።

"ያ ምንድን ነው?" አልኩ በሹክሹክታ።

ባለ ቁልፉ ዞር ብሎ አየ። "ማሽኑ ይሆናል" አለኝ። ማሽኑ ግን በሌላኛው ጥግ ነው...

ቲቸር ስልኳን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተከለች። "ከዚያ ከመጨረሻው መደርደሪያ ጀርባ ዞረህ፣ ወደ እኔ ትመጣለህ። ጓደኞችህ ጥለውህ ሄደዋል። ደክመሃል። ልትሞት ነው።"

"እንዴት ነው የምሞተው? ጥርሴን እያንቀጫቀጭኩ ነው?"

"መጀመሪያ ላይ ነው ጥርስ የሚንቀጫቀጨው። መጨረሻ ላይ ሰው ይሞቀዋል። እየሞተ 'ሞቀኝ' እያለ ልብሱን ያወልቃል።"

"ይሄማ ሞት ሳይሆን መዋኛ ነው፣ እህት ዓለም!"

ተቀረጸ። መሀል ላይ "ዋልታ ደረስኩ፣ ሻይ አቅርቡ!" ብሎ አበላሸው።

እንደገና። አሁንም እግሩን አንሸራተተውና "ወይኔ ወገቤ!"

ቲቸር ትዕግሥቷ አለቀ። ጣቷ በብርድ ደርቋል።

"አንተ ልጅ! 'በቃ' እስክልህ ድረስ ቃል እንዳትተነፍስ! ምንም ብታይ፣ ምንም ብትሰማ... እኔ 'በቃ' ሳልል ንቅንቅ የለም! ገባህ?"

ማራቶን እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጥቶ ከመደርደሪያው ጀርባ ገባ።

ከዚያ ድምፁ ተሰማ። ቀስ ብሎ፣ በትሕትና።

"ውይ... ይቅርታ ወንድሜ..."

ባለ ቁልፉ አፉን በእጁ ያዘ። "ከዶሮ ጋር ተጋጨ" አለኝ በጆሮዬ። ሳቄን ዋጥኩት።

ጠበቅን።

ቆየ... በጣም ቆየ።

"ና በል!" አለች ቲቸር።

መጣ።

ወገኖቼ፣ እንደዚያ ያለ አረማመድ አይቼ አላውቅም። አንድ እግሩን ይጎትታል። ይቆማል። ወደ ኋላው ዞሮ ያያል፤ የሚጠራው ሰው እንዳለ ሁሉ። ከዚያ ደግሞ ይጎትታል። ትወና መሆኑን እያወቅሁ እንባዬ መጣ።

ቲቸር እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየዋለች። ካሜራውን አልፎ፣ በአጠገባችን አልፎ፣ በሩን ወጣ።

"አገኘሁት!" አለች፤ ስልኩን ከማቆሚያው ነቀለችው። "እትዬ አየሽው? እግሩን ጎትት መች አልኩት? ከራሱ አምጥቶ ነው እኮ! ውጡ፣ ውጡ፣ ጣቴን አጣሁት!"

ወጣን። ሦስታችን ጃኬታችንን ሰቀልን። ባለ ቁልፉ ጃኬቶቹን በጣቱ እየነካ ቆጠረ፤ ሙሉ ነው። መብራቱን አጠፋ። ቆለፈ።

ማራቶን ደረጃው ላይ፣ ፀሐዩ ላይ ተቀምጧል።

ካፖርቱን አላወለቀም። ሻርፑን አልፈታም።

"አውልቀው እንጂ፣ ትቀቀላለህ!" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። የውኃ ጠርሙስ ሰጠሁት፤ በጓንቱ ተቀበለኝ፤ አልጠጣም።

አላወራም።

ማራቶን! ዝም አለ!

"አኩርፎ ነው፤ ስለጮህኩበት" አለችኝ ቲቸር ዝቅ ባለ ድምፅ። ሄዳ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። "ጎበዝ። ዛሬ አኮራኸኝ። ደከመህ?"

አንገቱን ዝቅ አደረገ።

"በል ሂድና ተኛ፤ እኔ ቪዲዮውን እዚህ አይቼ እመጣለሁ።" የቤቱን ቁልፍ አውጥታ ሰጠችው።

ቁልፉን መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ እሷን አያት። መነጽሩ ውስጥ የሚታየው ፀሐዩ ብቻ ነው።

ተነስቶ ሄደ። እዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ፣ በካፖርት... እግሩን እየጎተተ።

"ልጁ ገና ከትወናው አልወጣም" አለ ባለ ቁልፉ።

ማንም አልሳቀም።

ደረጃው ላይ የተወውን ጠርሙስ ላነሳ ጎንበስ አልኩ። እጄ ላይ ተጣበቀ። ውኃው ድንጋይ ሆኗል። ከላይ እስከ ታች በረዶ!

በዚያ ፀሐይ።

ቲቸር ጠርሙሱን አየችው። እኔን አየችኝ። ስልኳን ከፈተች።

በባለ ቁልፉ የጥበቃ ክፍል ጥላ ስር ቆመን ሦስታችን ተደፍተን አየን። ካፖርቱ ከመደርደሪያው ጀርባ ይወጣል። ይመጣል። ይቀርባል...

"ትንፋሹ" አለች ቲቸር።

"ምን?"

"ትንፋሽ የለውም። በፊተኛው ቀረጻ እዪ፤ በሻርፑ ውስጥ እንኳ ይጨሳል። እዚህ... ምንም።"

እውነቷን ነው። ሻርፑ ፊት አየሩ ንጹሕ ነው፤ ቅድም ከጥጉ ሲወጣ ያየሁት እንፋሎት እንኳ የለም።

ካፖርቱ ካሜራውን አልፎ ጠፋ። ቀረጻው ግን ትንሽ ይቀጥላል። ባዶ መደርደሪያ... ካርቶን... አመዳይ...

"ቆይ!" አለች።

ከመጨረሻው መደርደሪያ ጀርባ፣ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ሰው ቁጢጥ ቢል አፉ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ ነጭ እንፋሎት። ትንንሽ። ፈጣን። ቶሎ ቶሎ።

የሚንቀጠቀጥ ሰው ትንፋሽ።

ከዚያ በእንፋሎቱ መሀል ሁለት ዓይኖች በካርቶኖቹ ክፍተት ብቅ አሉ። ቲቸርን እያዩ። የሚጠብቁ ዓይኖች።

ቲቸር ስልኩ ከእጇ ወደቀ።

"'በቃ' አላልኩትም" አለች። "'በቃ' አላልኩትም፣ እትዬ!"

እንዴት እንደሮጥን አላውቅም። የባለ ቁልፉ ቁልፍ ቀዳዳውን ይስታል። ቲቸር በሁለት እጇ በሩን ትደበድባለች። "በቃ! በቃ! ወንድሜ፣ በቃ!"

ከውስጥ ማሽኑ ብቻ ያጓራል።

ተከፈተ። መብራት በራ።

በሩ ስር ነበር። ያ ወፍራም በር ድምፅ አያወጣም፤ ሲደበድብ ቆይቶ እዚያው ተንሸራቶ ተቀምጧል፤ የእጁ አንጓ ደምቷል። በሸሚዝ ብቻ። ከንፈሩ ጠቁሯል። የሸሚዙን ቁልፍ በደነዘዙ ጣቶቹ አንድ በአንድ እየፈታ ነው።

ቀና ብሎ አያትና ፈገግ አለ።

"እህት ዓለም... ሞቀኝ።"

ያንን ቃል ስትሰማ የቲቸር ፊት ምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ጎትተን አወጣነው። ሰማያዊዎቹን ጃኬቶች ሁሉ ከመርንበት፤ ፀሐዩ ላይ አስተኛነው። እኔ እግሩን ብብቴ ውስጥ አደረግሁ፤ እሷ ጀርባውን ታሻለች፣ ታለቅሳለች፣ ትሳደባለች። "ካፖርትህስ! ካፖርትህን የት ጣልከው፣ አንተ እብድ!"

"ሰጠሁት።"

"ለማን?!"

"ለሠራተኛቸው። ከጀርባ ለቆመው... ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እህት ዓለም። ጺሙ ሁሉ በረዶ ነው። ረገጥኩት መሰለኝ፣ ይቅርታ ጠየቅሁት።"

ባለ ቁልፉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። "ሠራተኛ የለም" አለ በሹክሹክታ። "ዛሬ ማንም የለም..."

"ሰውዬው ምን አለህ?" አልኩት ማራቶንን።

ማራቶን ዓይኑን ጨፈነ። ጥርሱ መንቀጫቀጥ ጀምሯል፤ ቲቸር "ይሄ ጥሩ ነው፣ ይሄ ጥሩ ነው" ትላለች።

"'ሁሉም ሄዱ?' አለኝ።"

"አንተስ ምን አልከው?"

"ሊወጡ ነው አልኩት። 'እኔስ?' አለኝ። አንጀቴን በላው፤ ካፖርቱን፣ ሻርፑን፣ ጓንቱን፣ መነጽሩን ሰጠሁት። 'ጠብቀኝ' አለኝ... ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ። እኔም እናንተ መውጣት ስትጀምሩ ልጠራችሁ ብዬ... 'በቃ' አላልሽም።"

ቲቸር ወንድሟን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች። የምታስበውን እኔም እያሰብኩ ነበር።

"ቁልፉን ሰጥቼዋለሁ" አለች። "የቤቱን ቁልፍ..."

ጤና ጣቢያው ከእኛ ግቢ ማዶ ነው። ታክሲ ያዝን። ባለ ቁልፉም ብቻዬን አልቀርም ብሎ ገባ። ማራቶን መሀላችን ሆኖ ወሬውን ጀመረ፤ እየተንተባተበ፣ እየተንቀጠቀጠ። ሾፌሩ "ልጁን ዝም አሰኙት" ሲለን ቲቸር ልትነክሰው ምንም አልቀራት። "ያውራ!" አለችው። "እስኪበቃው ያውራ!"

ግቢያችን በር ላይ ወረድን። መንገዱን ለመሻገር ዞርን...

ማራቶን ወሬውን አቋረጠ።

ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ገመድ ላይ ያለው ልብስ ደርቆ ቆሟል። የሁሉም ቤት መስኮት ለነፋስ ተከፍቷል።

የቲቸር መስኮት ዝግ ነው። ነጭ ነው። መጋረጃ መስሎኝ ነበር።

ቀረብኩ። አመዳይ ነው። ከውስጥ።

"አትሂጂ" አለችኝ በሹክሹክታ። ወንድሟን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

እግሬ ግን ሄደ።

መስታወቱ ስር ስደርስ፣ ከውስጥ አንድ ጓንት ያጠለቀ እጅ መጣና አመዳዩን ጠረገ። ቀስ ብሎ፣ ክብ አድርጎ። አንድ ሰው የሚያይበት ያህል። ከዚያ እጁ ተመለሰ።

አየሁ።

ወንበርና ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል። መሀል ቤቱ ላይ አንሶላ በገመድ ተወጥሯል፤ ድንኳን ነው። አፉ ወደ በሩ ተከፍቶ፣ ጥጉ በጥንቃቄ ታስሯል። ካፖርቱ ተመልሶ የድንኳኑ አፍ ላይ ተቀምጧል፤ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ በሩን ይጠብቃል።

ድንኳኑ ውስጥ አራት ቦታ ተነጥፏል። ጎን ለጎን። እኩል።

ከብርድ ልብሶቹ አንዱ የእኔ ነው። ጠዋት አልጋዬ ላይ አጥፌው፣ ቤቴን ቆልፌ ነው የወጣሁት።

"ምን አለ?" አለ ባለ ቁልፉ ከኋላዬ። "ምን አየሽ?"

ማራቶን የእህቱን እጅ ይዞ እንዴት አጠገቤ እንደደረሰ አላውቅም። በክቡ በኩል አየ። በዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ ከአፉ ነጭ እንፋሎት እየወጣ፣

"የኔ ዳር ያለው ነው" አለ።

ቲቸር ክንዱን ጥፍሯ እስኪገባ ድረስ ጨበጠችው።

ሦስቱ ብርድ ልብሶች እስከ ትራሳቸው ተስበው ተስተካክለዋል። የዳረኛው ግን ጥጉ ተገልጧል... ሰው እንዲገባበት።